ከዚህ ጄሪካን ስንት ሰው ይጠጣል?

ሬሐና ሐምዱ በር የምታንኳኳው በጣቷ አይደለም፤ በእስክሪብቶዋ ጀርባ ነው። የቆርቆሮ በር በጣት ሲመታ ጣት ያማል፣ ድምፁም ጓሮ ድረስ አይዘልቅም። ስምንት ዓመት ሙሉ የቡራዩን ዳገትና ቁልቁለት ቤት ለቤት ስትዞር የኖረች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ደግሞ ጣቷን መቆጠብ አለባት፤ በቀን ሠላሳ በር ቀልድ አይደለም። ጠጠር ሰፈር ውስጥ ሦስት ፈጣን ምት ከተሰማ ልጆች «ሲስተር መጣች!» እያሉ ይሮጣሉ። የሚሮጡት ግን ወደ እሷ እንዳይመስላችሁ። ክትባት መስሏቸው ወደ አልጋ ሥር ነው።

ጠጠር ሰፈር ከገበያው ጀርባ ነው ያለው። ሬሐና ልጅ ሳለች ከአስፋልቱ ዳር እስከ ወንዙ ድረስ ጤፍ ይዘራበት ነበር። ዛሬ ከሱቁ ጀርባ ቤት፣ ከቤቱ ጀርባ ክፍል፣ ከክፍሉ ጀርባ ሌላ ክፍል በቅሎበታል። ከወላይታ የመጣ ግንበኛ፣ ከወሎ የመጣች ልብስ ሰፊ፣ የአዲስ አበባን ኪራይ መቋቋም አቅቶት የሸሸ ባለ ደመወዝ፣ ሁሉም እዚያው ተጠጋግቶ ይኖራል። ታዲያ ይህ ሁሉ ሕዝብ ትኩሳት ሲይዘው ዳገቱን ወጥቶ ከላይኛው ጤና ጣቢያ ይሰለፋል። ምጥ የጠናባት ደግሞ ዱዓዋን ወይ ጸሎቷን ይዛ በዚያ ሁሉ የመኪና መዓት መሃል ወደ አዲስ አበባ ትጓዛለች።

ባለፈው ዓመት ግን ደስ የሚል ወሬ መጣ። ገበያው መሃል ያለው የድሮ የእህል መጋዘን ጤና ጣቢያ ሊሆን ነው ተባለ። እውነትም አይጡ ተባረረ፣ ግድግዳው ተቀባ፣ ለካርድ ክፍሉ መስኮት ወጣለት። አንድ ነገር ብቻ ሳይወሰን ቀረ፤ ማዋለጃ ክፍል ይኑረው ወይስ የቀን ሕክምና ብቻ እየሰጠ ማታ ይዘጋ? ሰበታም ሱሉልታም ይህንኑ ጠይቀዋል። ያለው ዕቃና አዋላጅ ነርስ ለሁለት እንጂ ለሦስት አይበቃም። የሚወስነው የሕዝብ ብዛት ነው፤ ያውም በወረቀት ላይ ያለው ብዛት።

በወረቀት ላይ ጠጠር ሰፈር ሁለት ሺህ አንድ መቶ ሰው ነው ያለው። ሁለት ሺህ አንድ መቶ ሰውማ እሑድ ጠዋት ቲማቲም ሊገዛ የሚወጣው ነው!

ቁጥሩ ሬሐናን ያንገበግባት ነበር። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ስድስት ዓመቷ ሳለ እናቷ ሃዋ ሁለተኛ ልጇን አርግዛ ነበር። አንድ ቀን ራሷን አጥብቆ ያማት ጀመር። ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይላል አለች፤ እግሯ አብጦ ጫማ እምቢ አላት። አባቷ ሐምዱ ታክሲ ተኮናትሮ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ አንድ የተገለበጠ የአሸዋ መኪና መንገዱን ዘጋው። ሦስት ሰዓት ቆሙ። ሬሐና ከኋላ ወንበር የእናቷን ጫማ ታቅፋ ተቀምጣ ነበር፤ ሌላ የምታግዘው ነገር አልነበራትም። እናቷ ተረፈች። ወንድሟ አልተረፈም። ከዚያ ወዲህ ሃዋ አልወለደችም፣ ሐምዱም ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ሬሐና ነርስነት የተማረችው ስለዚያ ጫማ ነው ብል አላጋነንኩም።

እና ቁጥሩ እስከ የካቲት ማለቂያ እንዲታረም ጊዜ ሲሰጥ፣ የቤተሰብ ማህደሮቿን ታቅፋ እንደገና ቤት ለቤት ተነሣች። የቤተሰብ ማህደር ማለት ለየቤቱ የሚከፈት አቃፊ ነው፤ አባወራው ማነው፣ ስንት ሰው ይኖራል፣ ማን አርግዛለች፣ ማን አልተከተበም የሚለው ሁሉ እዚያ ላይ ይሰፍራል።

ችግሩ አከራዮቹ ናቸው። የጓሮ ክፍሎቹ አብዛኞቹ ያለ ፈቃድ የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ ወረቀት ይዞ የመጣ ሁሉ፣ የጤናም ይሁን የሌላ፣ ለእነሱ ቤት አፍራሽ ነው። ተከራይ አለኝ ማለት ክፍል አለኝ ማለት ነው፤ ክፍል አለኝ ማለት ደግሞ ዶዘር በገዛ እጅ መጥራት። በር ሲንኳኳ ጓሮው እረጭ ይላል። ሬዲዮ ይጠፋል፣ የሚያለቅስ ሕፃን ጡት ይጎርሳል። ሳይደበቅ የተያዘ ሰው ቢኖር እንኳ የተጠና መልስ አለው፤ «ዘመድ ነኝ፤ ለጥቂት ቀን መጥቼ ነው።»

እትዬ ውብአየሁ ዘንድ የሆነውን ልንገራችሁ። እትዬ ውብአየሁ ከሐምዱ ቤት ፊት ለፊት የሚኖሩ፣ አፋቸው የማይታማ ባልቴት ናቸው።

«ብቻዬን ነኝ ልጄ፤ እኔና አምላኬ» አሉ የበሩን መቃን ይዘው። ከኋላቸው ገመድ ላይ የሰባት ሰው ልብስ ተሰጥቷል፤ የፋብሪካ ቱታ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም፣ የሕፃን ካልሲ።

«ይሄ ሁሉ ልብስ የማነው፣ እትዬ?»

«የኔ ነው።»

«ካልሲውስ?»

እትዬ ውብአየሁ ዞር ብለው አውራ ጣት የምታክለውን ካልሲ አዩዋት። «እግሬን ይበርደኛል» አሉ።

ሬሐና ሳቀች እንጂ አልተቆጣችም። ለመቆጣትም አፍ አልነበራትም። ከታቀፈቻቸው ማህደሮች ሁሉ ሥር አንድ አለ፤ ሳታንኳኳ፣ ቢሮ ተቀምጣ የሞላችው። «አባወራ፦ ሐምዱ። የቤተሰብ ብዛት፦ ሁለት።» አባቷ ገበያው ዳር የቀለምና የሚስማር ሱቅ አለው፤ ከቤቱ ጀርባ ደግሞ በታችኛው መንገድ የሚወጣባቸው አሥራ አንድ ክፍሎች አሉት። አግብታ እስክትወጣ ያደገችበት ግቢ ነውና ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች። ግን አባት ነው። የአባቷን ጓሮ በገዛ እጇ ጽፋ ለማን ትስጥ? «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የሚለው ተረት ለእሷ የተተረተ እየመሰላት መጣ።

ጠጠር ሰፈር ውሃ የሚመጣው ሐሙስ ሐሙስ ነው። የገፈርሳ ግድብ እዚሁ ከጎናችን ተንጣሎ ተኝቷል፤ እኛ ግን ሐሙስን እንጠብቃለን። አንድ ልጅ «ቢሻን ዱፌ!» ብሎ ከጮኸ፣ ውሃ መጣ ማለት ነው፣ ሰፈሩ ነቅሎ ይወጣል። ቦኖው ፊት ጄሪካን ይደረደራል፤ ሰው ተራውን ለጄሪካኑ አደራ ሰጥቶ ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል። እንዳይቀያየርም ሁሉም ምልክት ያደርግበታል። ጨርቅ የሚያስር አለ፣ ጥፍር ቀለም የሚቀባ አለ፣ ስሙን በሚስማር የሚጭርም አለ።

አንድ ሐሙስ ሬሐና የተዘጉ በሮች አሰልችተዋት ቦኖው አጠገብ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ያንን ሰልፍ ስታይ ቆየች። ሰው ይደበቃል፤ ጄሪካን ግን ከሐሙስ መደበቅ አይችልም። ብድግ ብላ መጀመሪያ ላይ ወደ ቆመችው ሴት ሄደች። የማን ግቢ ነሽ አላለችም፣ አባወራሽ ማነውም አላለችም።

«ከዚህ ጄሪካን ስንት ሰው ይጠጣል?»

«አምስት» አለች ሴትየዋ ሳታቅማማ። ምን ያቅማማታል? ይህ የቤት ጥያቄ አይደለም፣ የውሃ ጥያቄ ነው። እንዲያውም ከጥላው ሥር ያሉት ራሳቸው እየተነሡ ይነግሯት ጀመር፤ ቁጥሩ ከበዛ ሌላ ቦኖ ይተከልልናል ብለው ነው። ሬሐና ለጤና ጣቢያው መሆኑን ብትናገርም ማንም አፉን አልዘጋም። እስከ እኩለ ቀን ደብተሯ ሞላ።

ሰልፉ መሃል ስትደርስ ግን እስክሪብቶዋን ገታች። ሃያ ሁለት ጄሪካኖች፣ ሁሉም አንገታቸው ላይ ሰማያዊ ቀለበት ተቀብቶላቸው ተደርድረዋል። ሰማያዊውን ታውቀዋለች። አባቷ ተሳስቶ አብዝቶ ያስመጣው፣ ማንም አልገዛ ያለው፣ በመጨረሻ የግቢውን በርና መስኮት የሱቁን መደርደሪያ ሳይቀር የለቀለቀበት ቀለም ነው። እናቷ የተከራዮቹ ጄሪካን ከሰው እንዳይቀላቀል ብላ በዚያው ቀለም አንድ በአንድ ቀብታላቸዋለች። ሐምዱ ከመንግሥት የደበቀው ጓሮ በየሐሙሱ አደባባይ ወጥቶ ይሰለፋል። ፀሐይ የሞቀው፣ አገር ያወቀው ማለት ይኼ ነው።

ከሰማያዊዎቹ አጠገብ አንዲት ነፍሰ ጡር እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች።

«ስምሽን ማን ልበል እህቴ?»

«ተስፋነሽ።»

«ስንተኛ ወርሽ ነው?»

ተስፋነሽ ደብተሩን አየችና «ዘመድ ነኝ፤ ለጥቂት ቀን መጥቼ ነው» አለች በአንድ ትንፋሽ።

«ለጥቂት ቀን የመጣ ሆድ አይመስልም» አለቻት ሬሐና።

ተስፋነሽ ሳቀች፤ ከሳቁ በኋላ እውነቱ ቀለላት። ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ባሏ ዘርሁን ሱሉልታ ሕንፃ ላይ ይሠራል፣ የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። የእርግዝና ክትትል አንድ ቀን ሄዳ ወረፋው አድክሟት ቀርታለች። «ካንቺ ጋ እንዳልመዘገብ ደግሞ ባለቤቱ ወረቀት ከያዘ ሰው ጋር አትነጋገሩ ብለውናል» አለች። «ክፉ ሰው አይደሉም ሲስተር። ይፈራሉ እንጂ።»

ሬሐና ድንጋዩ ላይ አስቀምጣ የደም ግፊቷን ለካች። ከፍ ብሏል። በማግስቱ ራሷ ይዛት ላይኛው ጤና ጣቢያ ሄደች፤ መድኃኒት ተሰጣት፣ በየሳምንቱ እንድትለካ፣ ከባድ ዕቃም እንዳታነሣ ተነገራት። «ክፉ ሰው አይደሉም» የሚለው ቃል ግን ሬሐናን ሳምንቱን ሙሉ ከኋላዋ ተከተላት።

አለቃዋ አቶ መልከጼዴቅ የጄሪካኑን ቆጠራ ሲያዩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ስድስት ሺህ? እኔም ጠርጥሬ ነበር» አሉ። ከዚያ ደብተሩን ቀስ አድርገው መለሱላት። «ግን ልጄ፣ ጄሪካን በር የለውም። የቤት ቁጥርና የባለቤቱ ፊርማ ከሌለው ይዤው ብሄድ ይስቁብኛል። አከራዮቹን አሳምኛቸው። አንዱ ደፍሮ ከጀመረ ሌላው ይከተላል።»

ማን መጀመር እንዳለበት ሬሐና ታውቅ ነበር።

አባቷን ሱቁ ውስጥ የሚስማር ካርቶን ሲከፍት አገኘችው።

«አባ፣ ማህደርህ ሁለት ነው የሚለው።»

«እኔና እናትሽ ሁለት ነን። ወላሂ አልዋሸሁም።»

«ጓሮስ?»

«ዘመዶች ናቸው።»

«ከሶዶ የመጣው ዘርሁን፣ እሑድ እሑድ ቸርች የሚሄደው፣ በየት በኩል ነው ዘመድህ?»

ሐምዱ ትንሽ አሰበ። «በአደም በኩል» አለ።

ሳቋ አመለጣት፤ እሱም ሊስቅ ምንም አልቀረው። ወዲያው ግን ፊቱ ተለወጠ። «ስሚኝ ሬሐና። አንድ ጓደኛዬ ጠዋት ከቤቱ ወጥቶ ማታ የተመለሰው ወደ ድንጋይ ክምር ነው። እነዚያ ክፍሎች የሠላሳ ዓመት ላቤ ናቸው። አሁን አንቺ በእስክሪብቶሽ አባትሽን ልታፈርሺ ነው?»

«እኔ የምፈልገው ማዋለጃ ክፍል ነው፣ አባ። ያኔ እማ…»

«ተዪው!» ደንበኞች ዞር ብለው አዩ። ሐምዱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሆድ ይፍጀው ብያለሁ።»

ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ መልሱ ይኸው ነው። ሬሐና ከሱቁ ወጣች። የተናደደች መስሏት ነበር፤ ገበያውን አቋርጣ ስትጨርስ ግን ያዘነችለት መሆኑ ገባት።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሐምዱ ወደ ቦኖው ወረደ። ሊያስቆማት ይሁን ሊታረቃት እስከ ዛሬ አልተናገረም። ሲደርስ ልጁ ድንጋዩ ሥር ተንበርክካ የተስፋነሽን ክንድ በግፊት መለኪያው ጠቅልላ ነበር። ተስፋነሽ አንገቷን ደፍታለች። ሁለት ሰማያዊ ጄሪካኖቿ ከጎኗ ቆመዋል።

«ራስሽን ያምሻል?»

«ከትናንት ጀምሮ።»

«ዓይንሽ ላይስ? ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር አለ?»

«አዎ… ብየዳ አጠገብ የቆምኩ ነው የሚመስለኝ።»

ሐምዱ ወደ እግሯ አየ። ባዶ እግሯን ናት፤ እግሯ አብጦ ጫማዋ እምቢ ብሏት እጇ ላይ ይዛዋለች። ነገር በዓይን ይገባል ይባላል። ልጁ ስትለምነው ያልሰማ ሰው ያን ጫማ ሲያይ የሚቀርበውን ጄሪካን ይዞ ተደገፈ።

«ግፊቷ በጣም ወጥቷል» አለች ሬሐና ቀና ብላ፤ አባቷን ስታይ ደነገጠች። «አሁኑኑ ሆስፒታል መድረስ አለባት። ለአምቡላንስ ደውያለሁ፣ ሌላ ታማሚ ይዞ መንገድ ላይ ነው።»

«ፒክአፑን አመጣለሁ» አለና ሮጠ። ስድሳ ሰባት ዓመቱ ነው። የገበያው ሰው ኦቦ ሐምዱ ሲሮጥ ያየው የዚያን ቀን ብቻ ነው።

መንገዱ ያው መንገድ ነው። ሰፍቷል ተብሏል፤ መኪናውም አብሮ ሰፍቷል። ሲኖ ትራኮቹ ተደርድረው ቆመዋል። ሐምዱ አንዴ ክላክስ፣ አንዴ ልመና፣ አንዴ የእግረኛ መንገድ ላይ በአንድ ጎማ እየወጣ ወደፊት ይገፋል። «ወንድሜ፣ ነፍሰ ጡር ይዣለሁ! ማሎ፣ እባክህ አሳልፈኝ!» ሬሐና ከኋላ የተስፋነሽን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ በግራ ጎኗ አስተኝታታለች። ዘርሁን ጋ ደጋግማ ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። መሃል ላይ መኪናው ሁሉ ቀጥ ብሎ ሲቆም ሐምዱ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ። ሬሐና ሳታውቀው የተስፋነሽን ጫማ ደረቷ ላይ ታቅፋ ይዛለች።

«ያኔም አንቺ ነበርሽ የያዝሽው» አለ።

ሬሐና ጫማውን ቁልቁል አየች። ሃያ ስድስት ዓመት አልታየሁም ብላ ነበር።

«አይቼሻለሁ» አለ አባቷ፣ ዓይኑን ወደ መንገዱ መልሶ። «በየቀኑ አይሻለሁ።» ከፊት ያለው መኪና ፈቀቅ ሲል ነድቶ ገባ።

ሆስፒታል በሰዓቱ ደረሱ። ተስፋነሽ ደንዝዛ በአልጋ ስትገፋ አንዲት ነርስ ወረቀት ይዛ ወጣች። ግፊቱ ለእናቲቱም ለልጁም አስጊ ስለሆነ በኦፕራሲዮን ትወልዳለች፤ የሚፈርም ያስፈልጋል።

«እርስዎ ምኗ ነዎት?»

«አከራይዋ ነኝ» አለ ሐምዱ።

«አከራይ አይፈርምም አባባ። ዘመድ ይጥሩልኝ።»

ሐምዱ ወረቀቱን አየ። ለአሥራ አንድ ክፍል ሰው፣ ለስንት ዓመት፣ ዘመድ ነን በሉ እያለ ያስጠናው እሱ ነው። ዛሬ እውነቱን ቢናገር በር ተዘጋበት። ሬሐና ልትናገርለት አፏን ስትከፍት እጁን አነሣ።

«ዘመዷ ነኝ» አለ።

«አሁን አከራይ ነኝ አላሉኝም እንዴ?»

«እሱንም ነኝ።»

ነርሷ ሽማግሌውን አየችው። ቀለም የነካው ሸሚዙን አየች። እስክሪብቶ ሰጠችው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለት ኪሎ እንኳ ያልሞላች ሴት ልጅ ተወለደች፤ ድምፅዋ ግን ከሁለት ኪሎ በላይ ነበር። እናቲቱም ተረፈች። ሐምዱ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠና እንደ ልጅ አለቀሰ። ሬሐናም አጠገቡ ተቀምጣ አለቀሰች። ጫማው አሁንም ጭኗ ላይ ነበር።

የጠጠር ሰፈር ማዋለጃ ክፍል መፈቀዱን አሁን የማያውቅ የለም። ከሰበታ ጋር ደረሰን፤ የሱሉልታ ሰዎች ወረፋ ላይ ናቸው፣ አላህ ያሳካላቸው። ክፍሎቹንም እስካሁን የነካቸው የለም። ሐምዱ ግን ዛሬም ከባድ መኪና ሲያልፍ ሰምቶ ከሱቁ ብቅ ሳይል አይቀርም። ያንን ፍርሃት ይዞ ነው ቀጥሎ ያለውን ያደረገው፤ እኔም ልነግራችሁ የፈለግሁት ይህንን ነው።

ከወሊዱ በኋላ ባለው ሁለተኛ ቅዳሜ፣ ተስፋነሽ ከሆስፒታል በወጣች ማግስት፣ ሬሐና ጋዋኗን ለብሳ በሰማያዊው በር ፊት ቆመች። ቁልፉ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። አላወጣችውም። በእስክሪብቶዋ ጀርባ ሦስቴ አንኳኳች።

«ማን ልበል?» አለ ሐምዱ ከውስጥ። እየቀለደ አልነበረም።

«ከጤና ነው።»

ከፍቶ አስገባትና ወደ ጓሮው ተጣራ። «ውጡ! ሁላችሁም!» ማንም አልወጣም፤ ለዓመታት ያስተማራቸው መደበቅ ነዋ። በመጨረሻ ራሱ ከበር በር እየሄደ አንኳኳላቸው። አንድ በአንድ ወጡ፤ ግንበኛው፣ ልብስ ሰፊዋ፣ የፋብሪካ ልጆቹ፣ ተማሪው። ስማቸውንና ዕድሜያቸውን ሲናገሩ ሐምዱ ከጎን ያርማል። «ሃያ ሦስትሽ ነው፣ ሃያ ሁለት ያልሽው አምና ነው።» «የሦስተኛው ክፍል ሕፃን የኩፍኝ ክትባት ቀርቶታል፣ ጻፊው።» ለካ ሁሉንም ያውቅ ኖሯል።

እትዬ ውብአየሁ ከመንገዱ ማዶ በራቸው ላይ ቆመው ያያሉ። «ሐምዱ ዘመዶቹን አስቆጠረ እንዴ?» አሉ ጮክ ብለው። ጥቂት ቆዩና ደግሞ፣ «እንግዲያው ስትጨርሺ ወደኔም ነይ ልጄ። የካልሲው ባለቤት ተኝቷል፣ ቀስ ብለሽ አንኳኪ።» የዚያን ቀን ከምሽቱ በፊት አሥራ አራት በር ተከፈተ።

ማህደሩ ላይ ከስምና ከዕድሜ ቀጥሎ «ከአባወራው ጋር ያለው ዝምድና» የሚል ዓምድ አለ። ሬሐና ለእያንዳንዱ «ተከራይ» እያለች ወረደች። መጨረሻ ላይ ተስፋነሽ ደረሰች። ልጇን ታቅፋ ዱካ ላይ ተቀምጣለች፤ ዘርሁን ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ከኋላዋ ቆሟል።

«ለእሷ ተከራይ አትበይ» አለ ሐምዱ። «ሆስፒታል የፈረምኩትን እቤቴ ላይ አልክድም።»

ሬሐና «ዘመድ» ብላ ጻፈች። ወደሚቀጥለው መስመር ወረደች።

«የልጅቷ ስም?»

«ሀሴት» አለ ዘርሁን።

«ዕድሜ፣ ዘጠኝ ቀን። ዝምድና?»

ዘርሁን መሬት መሬት አየ። ተስፋነሽ ሐምዱን አየችው። ሐምዱም ሕፃኗን አየ። ያን ጊዜ ሃዋ፣ እስካሁን ከወጥ ቤቱ በር ላይ ዝም ብላ ቆማ የነበረችው፣ «የልጅ ልጅ በይ» አለች።

ሬሐና እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀና አለች። ልታሾፍባቸው ነበር፤ ሱቅ ውስጥ እንደጠየቀችው ልትጠይቅ፣ ሊስቁ።

«በየት በኩል?»

ማንም አልሳቀም። ሐምዱ ወደ ሚስቱ ሄዶ አጠገቧ ቆመ። ሃያ ስድስት ዓመት ሆዱ የፈጀውን ነገር በሃያ ሰባት ተከራይና በገዛ ልጁ ፊት አወጣው።

«መንገድ ላይ በቀረው ልጃችን በኩል» አለ።

ሃዋ እጁን ያዘች። ሬሐና መስመሩ እስኪታያት ድረስ ትንሽ ጠበቀችና ጻፈች።